«ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ»፦ የሥራ ሕጉ ቀን ሲቆጥር

የአክስቴ ልጅ በአንድ የማከፋፈያ ድርጅት መጋዘን ውስጥ አራት ዓመት ዕቃ ስትመዘግብ ቆይታለች። ኅዳር 5 ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ አስጠራትና «ደንበኛ አመናጭቀሻል፤ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» አላት። ደብዳቤ የለም፣ ቃለ ጉባኤ የለም፣ ፊርማም የለም። በማግስቱ ለሰው ኃይል ክፍሉ ስትደውል «ትንሽ ታገሺ፤ ከአለቃ ጋር ተነጋግረን እንደውልልሻለን» አሏት። ታገሠች። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ማንም አልደወለም። እኔ ዘንድ የመጣችው የካቲት 9 ቀን ነው።

ስትነግረኝ መጀመሪያ ያደረግሁት በጣቴ መቁጠር ነበር። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ሦስት ወሩ የሞላው የካቲት 5 ነው። በአራት ቀን ዘገየች ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው ይህንን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለሠራተኛውም ለአሠሪውም ብዙ መብት ይሰጣል፤ አብዛኛውን መብት ግን ከቀን ጋር አስሮታል፣ ከወረቀት ጋርም አስሮታል። ቀኑን የማያውቅ ሰው መብቱ እያለ ባዶ እጁን ይቀራል። ትንሽ ሱቅ ያለው አሠሪም ቢሆን፣ ሠራተኛው በእርግጥ ጥፋተኛ ሆኖ ሳለ፣ አሰናባቹ ቀኑን ስላሳለፈ ወይም በቃል ስላሰናበተ ብቻ ይረታል።

የትኛው አዋጅ?

ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከሱ በፊት የነበረው 377/1996 ከነማሻሻያዎቹ ተሽሯል። ሰው በሰው የሚቀባበለው ዕውቀት ግን ገና ከአሮጌው አልወጣም። የሙከራ ጊዜ 45 ቀን ነው የሚል ኃላፊ ዛሬም ይገጥማል። የዓመት ፈቃድ 14 ቀን ብሎ ያተመ የድርጅት መተዳደሪያ ደንብም በዓይኔ አይቻለሁ።

የሙከራ ጊዜ አሁን ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው። «የሥራ ቀን» የሚለውን ልብ ይበሉ። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ሰው በአሥር ሳምንት ይጨርሰዋል፤ አምስት ቀን የሚሠራው አሥራ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። በድሮው ሕግ ተከታታይ 45 ቀን ስለነበር እሑዱም በዓሉም ይቆጠር ነበር። ስለዚህ ልዩነቱ ከቁጥሩ ይሰፋል። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ካልተገኘ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ስንብት ክፍያ ሊያሰናብተው ይችላል፤ ሠራተኛውም እንዲሁ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ነገር ግን የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ካልተስማሙበት የለም። «ለሁሉም ሰው ሁለት ወር ሙከራ ነው» የሚለው የቃል ልማድ ፍርድ ቤት ቢሄድ የሚያዛልቅ አይደለም። የሙከራ ጊዜው አልቆ ሠራተኛው ሥራውን ከቀጠለ ደግሞ አገልግሎቱ የሚቆጠረው ሙከራ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ነው።

«ኮንትራት ነህ»

አዲስ አበባ ውስጥ በጣም ከምሰማቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ በየስድስት ወሩ እየታደሰ ሦስት ዓመት የሠራ ሰው፣ አንድ ቀን «ውልህ አልቋል» ሲባል ምን መብት አለው?

ሕጉ የሚነሣው «ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል» ከሚል ግምት ነው። ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ መቅጠር የሚቻልባቸው ሁኔታዎች በአንቀጽ 10 ተዘርዝረዋል። ሠራተኛ በሕመም ወይም በወሊድ ለጊዜው ሲለይ እሱን መተካት፣ ያልተለመደ የሥራ ብዛት ሲያጋጥም፣ በሰው ወይም በንብረት ላይ ሊደርስ ያለ አደጋን ለመከላከል የሚደረግ አስቸኳይ ሥራ፣ እንደ ቡና ለቀማ ያለ ወቅታዊ ሥራ፣ አንድ የተወሰነ ሥራ ተጠናቅቆ የሚያበቃ ሲሆን፣ እነዚህንና መሰሎቻቸውን ይጨምራል። በድንገት ለዘለቄታው በለቀቀ ሰው ቦታ ለጊዜው መቅጠርም ይቻላል፤ እሱ ግን ከ45 ተከታታይ ቀናት መብለጥ የለበትም፣ የሚደረገውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዲህ የድርጅቱን የዘወትር ሥራ፣ በየቀኑ የሚያስፈልገውን ሥራ የሚሠራ ሰው፣ ወረቀቱ ላይ «የስድስት ወር ኮንትራት» ስለተጻፈበት ብቻ ጊዜያዊ አይሆንም። ፍርድ ቤት የሚያየው የሥራውን ባሕርይ ነው። የገንዘብ ተቀባይ ሥራ ሱፐርማርኬቱ እስከተከፈተ ድረስ አለ። ውሉን አሥር ጊዜ ማደስ ሥራውን ጊዜያዊ አያደርገውም። ይህንን ለሠራተኞች ብቻ ብዬ አልጽፈውም። በየስድስት ወሩ እያስፈረመ ራሱን ከስንብት ክፍያ ያዳነ የሚመስለው ባለሀብት፣ ክስ ሲመጣበት የሦስት ዓመቱን በአንድ ጊዜ ነው የሚከፍለው።

በጽሑፍ ውል ያልተሰጠው ሰውስ? ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የቅጥሩን ሁኔታ የሚገልጽ ፈርሞ የሚሰጠው ጽሑፍ ማዘጋጀት አለበት። ሁለቱም ባይኖሩ ሠራተኛው በሕጉ ያለውን መብት አያጣም። መቀጠሩን በሌላ መንገድ ያስረዳል፤ በባንክ ስቴትመንት፣ በመታወቂያ ካርድ፣ በፈረመበት የፔሮል ቅጂ፣ በጡረታ መለያ ቁጥሩ፣ በባልደረባ ምስክርነት። ለግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ መዋጮ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ነው። ደመወዙ ላይ 7 በመቶው የተቆረጠበት ሰው «ሠራተኛችን አይደለም» ሲባል ቀላል መልስ አለው።

ስንብት፦ ምክንያት፣ ጽሑፍ፣ ቀን

ስንብት ሕጋዊ የሚሆነው ከሠራተኛው ጠባይ፣ ከችሎታው ወይም ከድርጅቱ የአሠራር ፍላጎት ጋር የተያያዘ ምክንያት ሲኖረው ነው። የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆን፣ በአሠሪ ላይ አቤት ማለት፣ ብሔር፣ ፆታ፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ እርግዝና፣ የአካል ጉዳት፣ እነዚህ ምክንያት ሊሆኑ እንደማይችሉ አዋጁ በስም ጠርቶ ከልክሏል።

ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶች በአንቀጽ 27 ናቸው። እዚህ ላይ አዲሱ ሕግ ለሠራተኛው ጠንከር ብሎበታል፤ ብዙ ሰው ግን አልሰማም። በድሮው ሕግ ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ለስንብት የሚያበቃው ለአምስት ተከታታይ የሥራ ቀን፣ ወይም በወር ለአሥር፣ ወይም በዓመት ለሠላሳ ቀን ሲሆን ነበር። አሁን በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን የቀረ ሰው ሊሰናበት ይችላል፤ ቀኖቹ መከታተል የለባቸውም። ማርፈድም ራሱን ችሎ ገብቷል፤ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ስምንት ጊዜ ማርፈድ ያሰናብታል። ከአያት ወይም ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ ፒያሳ ለሚሠራ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ጠዋቱን ለሚያጋምስ ሰው ስምንት ጊዜ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው እጅዎ ሲገባ መልስ ይጻፉበት፤ በዚያ ቀን ያረፈዱበት ምክንያት ካለ በጽሑፍ አስገብተው ቅጂውን ያስቀምጡ። «አልፈርምም» ብሎ መሄድ የሚጠቅም ይመስላል። ነገር ግን ተቃውሞዎ በየትኛውም ወረቀት ላይ ሳይሰፍር ይቀራል።

አሠሪው በበኩሉ «በጽሑፍ» የሚለው ቃል የራሱ ሸክም ነው። ስምንት ጊዜ መዘግየቱን የጣት አሻራ ማሽኑ ቢመዘግብም፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ካልሰጠ አንቀጹ አልተሟላም። በቃል አሥር ጊዜ መክሬው ነበር ማለት አያድንም። ከሁሉ የሚረሳው ደግሞ የ30 ቀኑ ነገር ነው። አሠሪ የሚያሰናብትበትን ጥፋት ባወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ እርምጃውን ካልወሰደ፣ በዚያ ጥፋት የማሰናበት መብቱ ያልፋል። በግንቦት የተሠራ ጥፋትን «መዝግቤ ይዤዋለሁ» ብሎ በመስከረም ማውጣት አይሠራም። ጥፋቱን ለማጣራት ጊዜ ከፈለገ ሠራተኛውን ቢበዛ ለ30 የሥራ ቀን ከሥራ ሊያግድ ይችላል። ሲያሰናብት ደግሞ ምክንያቱንና ስንብቱ የሚጸናበትን ቀን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ሠራተኛው ካልተገኘ ወይም አልቀበልም ካለ፣ ጽሑፉ በሥራ ቦታው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለአሥር ተከታታይ ቀናት ይለጠፋል።

የአክስቴ ልጅ ነገር እዚህ ጋ ይገባል። «ደንበኛ አመናጭቀሻል» የሚለው፣ እውነት ቢሆን እንኳ፣ በራሱ አምባጓሮ ወይም ጠብ አጫሪነት አይደለም፤ ሕጉ እነዚያንም ቢሆን «እንደ ጉዳዩ ክብደት» ብሎ ነው የሚያያቸው። ከዚህ በፊት አንድም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አልደረሳትም፤ ስንብቱም በቃል ነው።

ጥፋት ሳይሆን የችሎታ ማነስ ወይም የድርጅቱ ሁኔታ ሲሆን ስንብቱ በማስጠንቀቂያ ነው። የሙከራ ጊዜ ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ለሠራ አንድ ወር፣ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሠራ ሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ለሠራ ሦስት ወር ይሰጠዋል። በሠራተኛ ቅነሳ የሚወጣ ሰው ማስጠንቀቂያው ሁለት ወር ነው። ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ሳይሰጥ ጥሎ ከሄደ ቢበዛ የ30 ቀን ደመወዙን የሚያህል ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። በየድርጅቱ «ሳይነግረን ስለሄደ የሚከፈለው የለም» እየተባለ የሁለት ወር ደመወዝ ሲያዝ የሚታየው፣ ከዚህ ልክ ያለፈ ነው።

ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ፣ ከወለደችም በኋላ አራት ወር እስኪሞላት አትሰናበትም። ማታ ከ4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ሥራም አትመደብም።

አዋጅ 1156 ካመጣቸው ለውጦች ትልቁ ለእኔ ስለ ወሲባዊ ትንኮሳ የተናገረው ነው። በድሮው ሕግ ስም እንኳ አልነበረውም። አሁን ወሲባዊ ትንኮሳና ጥቃት ትርጉም ተሰጥቷቸው፣ ለአሠሪም ለሠራተኛም የተከለከሉ ድርጊቶች ሆነዋል። ትንኮሳ የደረሰባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቅቃ ስንብት ክፍያና ካሳ የመጠየቅ መብት አላት። ግን እዚህም ቀን አለ፤ ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተሠራበት ያልፋል፣ የለቀቀችበትንም ምክንያት በጽሑፍ መግለጽ አለባት። አሥራ አምስት ቀን በጣም አጭር ነው። ለማን እንደምትነግር ሳትወስን የምታልፍ ጊዜ ናት። ይህ ቁጥር ሊራዘም እንደሚገባ አምናለሁ። እስከዚያው ግን ያለው እሱ ስለሆነ፣ ለእህቶቻችሁ፣ ለሴት ልጆቻችሁ ንገሯቸው።

ገንዘቡ እንዴት ይሰላል

በወር 9,000 ብር የሚከፈላትን፣ አራት ዓመት ያገለገለችን ሠራተኛ እንውሰድ። ለቀላልነት በ30 ብናካፍለው የቀን ደመወዟ 300 ብር ይሆናል።

የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ 9,000 ብር። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሲሶ ይጨመራል፤ 3,000 ብር ለሦስት ዓመት፣ ሌላ 9,000 ብር። ድምሩ 18,000 ብር። ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ቢሠሩም ከዚያ አያልፍም። ሠራተኛዋ የወጣችው በቅነሳ ከሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርላታል፤ 18,000 ብር፣ በድምሩ 36,000 ብር።

ስንብቱ ሕገ ወጥ ከሆነ ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው። ወደ ሥራ የማትመለስ ከሆነ፣ ከ18,000 ብር የስንብት ክፍያ በተጨማሪ የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ፣ 54,000 ብር፣ እንዲሁም የማስጠንቀቂያ ጊዜዋን የሁለት ወር ደመወዝ፣ 18,000 ብር ታገኛለች። በአንድ ላይ 90,000 ብር ነው። ለደብዳቤ አንድ ገጽ ወረቀት የነፈገ ድርጅት የሚከፍለው ይህንን ነው። ወደ ሥራ እንድትመለስ ከተወሰነላት ደግሞ ውዝፍ ደመወዝ ይታሰብላታል፤ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ ስድስት ወር፣ ጉዳዩ በይግባኝ ሄዶ ከጸና እስከ አንድ ዓመት።

ስንብት ክፍያ ሲለቁ ሁሉ የሚገኝ አይደለም። በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ ቢያንስ አምስት ዓመት ማገልገል አለበት፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታም ሊኖርበት አይገባም። አራት ዓመት ከአሥር ወር ላይ ሆኖ የተሻለ ሥራ ያገኘ ሰው አማክሮኝ ያውቃል። ሁለት ወር ቆይቶ ለቀቀ።

ሥራ ሲቋረጥ ያለው ክፍያ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ተጨማሪ እንዲከፍል ፍርድ ቤት ሊያዝዝበት ይችላል። ክሊራንስ አልጨረስክም እየተባለ ለወራት የሚመላለስ ሰው ይህንን ማወቁ ይጠቅመዋል። የሥራ ልምድ ማስረጃም እንዲሁ፣ ሠራተኛው ሲጠይቅ የሚሰጥ እንጂ እንደ መያዣ የሚያዝ አይደለም።

ሰዓቱ፣ ዕረፍቱ

መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ ያለፈው ትርፍ ሰዓት ነው፤ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። የድሮው ሕግ በቀን 2፣ በወር 20፣ በዓመት 100 ሰዓት ብሎ ወስኖ ነበርና ገደቡ ላላ ብሏል። በአንጻሩ ክፍያው ከፍ ብሏል። የአንድ ሰዓት ደመወዙ 40 ብር የሆነ ሠራተኛ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ 60 ብር ይከፈለዋል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 70 ብር፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 80 ብር፣ በሕዝብ በዓል 100 ብር። ትርፍ ሰዓት የሚሠራው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ አለቃው «ዛሬ አምሹ» ብሎ በቴሌግራም የላከውን መልእክት አያጥፉት።

የዓመት ፈቃዱ ነገር ከላይ ሲታይ የጨመረ ይመስላል። ድሮ ለመጀመሪያው ዓመት 14 ቀን ነበር፣ አሁን 16 የሥራ ቀን ነው። ጭማሪውን ግን ይመልከቱ። ድሮ በየዓመቱ አንድ ቀን ይጨመር ነበር፤ አሁን በየሁለት ዓመቱ ነው። ስለዚህ አዲስ ገቢው ያተርፋል፣ አራተኛና አምስተኛ ዓመት ላይ እኩል ይሆናሉ፣ ከስድስተኛው ዓመት ጀምሮ ነባሩ እየቀነሰበት ይሄዳል። አሥረኛ ዓመቱ ላይ ያለ ሰው በድሮው ስሌት 23 ቀን ያገኝ ነበር፣ በአሁኑ 20 ነው። ይህን ጉድለት የሚሞላው የሠራተኛ ማኅበር ከአሠሪው ጋር የሚዋዋለው የኅብረት ስምምነት ነው፤ ለሠራተኛው የተሻለ የሚሰጥ ስምምነት ካለ እሱ ነው የሚጸናው። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ውስጥ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል።

ወሊድ ፈቃድ ግን ያለ ጥርጥር ጨምሯል። ከመውለድ በፊት 30 ተከታታይ ቀን፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን፣ ሁሉም ከሙሉ ደመወዝ ጋር። ድሮ ከወሊድ በኋላ ያለው 60 ቀን ነበር። አባት ሦስት ተከታታይ ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አለው፤ ከ1156 በፊት ለአባት የተጻፈ ቀን አልነበረም። በሕመም የተለየ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ክፍያ።

የደመወዝ ወለልና ግብር

ኢትዮጵያ ውስጥ ለግል ዘርፍ ሠራተኛ ሁሉ የሚሠራ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። 1156 በር ከፍቶ ነበር። የመንግሥት፣ የሠራተኞችና የአሠሪዎች ተወካዮች ያሉበት የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም፣ ወለሉም በየጊዜው እንዲከለስ ደነገገ። ዝርዝሩን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተወው። አዋጁ ከወጣ ከአምስት ዓመት በላይ አልፎም ወለሉ አልተቆረጠም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ኢሠማኮ፣ ይህንን ጥያቄ በየሜይ ዴዩ ያነሣዋል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ሲጀምር የወር መነሻ ደመወዝ 26 ዶላር ገደማ መሆኑ በዓለም ዙሪያ ሲነገር ነበር፤ ዝቅተኛነቱ ለባለሀብት እንደ ማስታወቂያ ይጠቀስ ነበር። ዳቦና የቤት ኪራይ ባሁኑ ዋጋቸው፣ አንዲት ልጅ ከገጠር መጥታ ለአራት አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖርበትን ደመወዝ ሕግ ዝም ሊለው አይገባም ነበር።

ደመወዝተኛው እፎይታ ያገኘው በሌላ በኩል ነው። በሐምሌ 2017 የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል፣ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። 5,000 ብር የሚከፈለው ሰው ድሮ 697 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር ይቆረጥበት ነበር፤ በአዲሱ ስሌት 500 ብር ነው። ከፍተኛው 35 በመቶ ደግሞ ከ10,900 በላይ መሆኑ ቀርቶ ከ14,000 ብር በላይ ላለው ገቢ ሆኗል። ከሐምሌ 2017 በኋላ ያለውን የፔሮል ወረቀትዎን አንዴ በዚህ ያመሳክሩት።

ከደጅ የቀሩት

አዋጁ ሁሉንም ሠራተኛ አይሸፍንም። የመንግሥት ሠራተኛ፣ ዳኛ፣ ፖሊስ፣ ወታደር በየራሳቸው ሕግ ይተዳደራሉ። የሥራ መሪ የሆነ ሰውም ውጭ ነው። ከሁሉ የሚያመኝ ግን የቤት ሠራተኛዋ ነገር ነው። በሰው ቤት ምግብ የምታበስል፣ ልጅ የምታሳድግ ሴት ከዚህ አዋጅ ውጭ ናት። ስምንት ሰዓት የሚባል ለሷ አልተጻፈም። ለቤት ውስጥ ሥራ የሚሆን ልዩ ደንብ እንደሚወጣ በአሮጌውም በአዲሱም አዋጅ ተነግሯል። እስካሁን የምትተዳደረው ግን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች ነው። ይህን ስናነብ ብዙዎቻችን አሠሪዎች መሆናችንን አንርሳ። የሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ በወሩ የሚደርስ ደመወዝና የተጻፈ ስምምነት ለመስጠት ደንብ መጠበቅ የለብንም።

ይርጋው

ወደ የካቲት 9 ልመለስ። በሥራ ክርክር ክስ የሚቀርብባቸው ቀኖች፣ በሕግ ቋንቋ ይርጋ የሚባሉት፣ እነዚህ ናቸው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ በሦስት ወር ይታገዳል። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ትርፍ ሰዓትና ሌላ ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን አንስቶ በስድስት ወር። ከውሉ መቋረጥ የሚመጣ ማንኛውም ክፍያ፣ ስንብቱም ካሳውም፣ ከተቋረጠ በስድስት ወር። ሌላው የተለየ ጊዜ ያልተወሰነለት በአንድ ዓመት። የትርፍ ሰዓቱን ልብ በሉ፤ ለሦስት ዓመት ሳይከፈለው ያመሸ ሰው ዛሬ ቢከስ የሚያገኘው የመጨረሻውን ስድስት ወር ብቻ ነው።

ይርጋውን የሚያቋርጡ ነገሮች አሉ። ለፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ላለው አካል ክስ ማቅረብ፣ አዋጁን ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አቤት ማለት፣ ወይም ሌላው ወገን መብቱን በጽሑፍ ማመኑ ቆጠራውን ያቆማል። «እንደውልልሻለን» የሚል የስልክ ቃል ግን አያቆምም። የአክስቴን ልጅ ሦስት ወር የበላባት ይህ ቃል ነው። አንድ መስመር በጽሑፍ ብትጠይቃቸውና እነሱም በጽሑፍ ቢያምኑበት ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

የመመለስ መብቷ አለፈ። ካሳው፣ የስንብት ክፍያው፣ የማስጠንቀቂያው ደመወዝ ግን እስከ ግንቦት 5 አለላት። ያልተከፈላት ትርፍ ሰዓትም ስድስት ወር ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ እያንዳንዱ ወር ባለፈ ቁጥር አንድ ወር ከታች ይቆረጣል። የግል የሥራ ክርክር የሚታየው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። ሕጉ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ይላል፤ ይግባኝ የሚጠይቅ በ30 ቀን ያቀርባል።

ማስረጃዋን አንድ ቀን ሙሉ ስንለቅም ዋልን። የአራት ዓመት የባንክ ስቴትመንት፣ የጡረታ መለያ ቁጥሯ፣ አሥራ አንድ የቴሌግራም መልእክት «ዛሬ ቆጠራ ስላለ አምሹ» የሚል፣ አብራት የምትሠራ አንዲት ሴት ምስክር ለመሆን የሰጠችው ቃል። የስንብት ደብዳቤ ስለሌላት መሰናበቷን ለማስረዳት ኅዳር 6 ጠዋት በር ላይ ጥበቃው «እንዳትገባ ተብሏል» ሲላት የሰማውን ሰው ፈለግን። ተገኘ። ክሱን መጋቢት 2 ቀን መዝገብ ቤት አስገባችው፤ ቅጂው ላይ የተመታውን የቀን ማኅተም በስልኳ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ።